ሰው አለው?

ስምንት ጠረጴዛ፣ ሠላሳ ሁለት ወንበር፤
የምግብ ፉርጎው ሲሄድ ግዛቴ ይኼ ነበር።
ባቡሩ ከለገሃር ወጥቶ ሽንሌን ሳያልፈው፣
በሩ ላይ ሰው ይደረደራል፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦
«ዘርጋው፣ በመስኮቱ በኩል… ያ ወንበር ሰው አለው?»
አለው እላለሁ አንዳንዴ፣ ሰው ባይኖረውም፤
የሚበጀውን ጎረቤት ተሳፋሪ አያውቅም።
ጠዋት ፀሐዩ በቀኝ ነው፤ ጉረኛን እዚያ አበስላለሁ፤
ለነፍሰ ጡር፣ ለሽማግሌ የግራውን ጥላ እሰጣለሁ።

ሁሉም የሚሸሸው አለው። ነጋዴው ከአበዳሪ፣
አዲስ ሙሽራ ከአማት፣ ተማሪ ከአስተማሪ፣
ሙሴ ያኒ ከቄሱ፦ «ቡራኬው አያልቅም አቦ!
ሾርባው በረዶ ሆነ፣ ሰው ሊሞት ነው ተርቦ።»
አው ዚያድ፣ የሐረሩ፣ ይቆማል በሩ ላይ፤
የት ልቀመጥ አይልም፣ ፊቴን ነው የሚያይ።
አስቀምጠዋለሁ ዝም ከሚል ሌላ ሰው አጠገብ፤
ሁለት ዝምታ ሲገጥም ይጣፍጣል ምግብ።

አንዲት ሴት ነበረች ደግሞ፣ ስሟን የማላውቀው እስከ ዛሬ፣
«ጀርባዬን ለመንገዱ» ትላለች፣ ፊቷን ወደ ድሬ።
የምትሄድበትን ሳይሆን የተወችውን እያየች
እስከ ሐረዋ ድረስ ሻይዋን አማሰለች።
ስኳር የሌለው ሻይ ነበር። ከፊቷ ማንንም አላስቀመጥኩም፤
«ሰው አለው» አልኩ ለጠየቀኝ።
ያን ቀን አልዋሸሁም።

ሐዋ ሮብሌ ስትሄድ መቃ ናት፣ አንድ ወንበር በቃት፤
ከደወሌ ስትመለስ ሁለት ወንበር ጠበባት፣
ሰባት ሽቲ ደርባ፣ ላብ ግንባሯን እያጠባት።
ባዶ ወንበር ሞልቶ፣ እያለ የጥላ ቦታ፣
«ፊናንሱ ፊት አርገኝ» ትላለች በፈገግታ።
«ሐዋ፣ አብደሻል?» ስላት፦ «አብሮት የበላን በገበታ
ማን ይፈትሻል?» አለች፣ ሎሚ እየጨመቀች በፓስታ።
ፊናንሱ ጥላዬ አንገቱን በመስኮት አስግጎ
የአይሻን ድንጋይ ይቆጥራል፣ ላለማየት ፈልጎ።
አንድ ቀን ብቻ ተነፈሰ፦ «ሐዋ፣ ሙቀቱ አይበዛብሽም?»
«ልማድ ነው» አለችው። ከዚያ ሌላ ቃል አልሰማሁም።
ጥላዬ የተዛወረ ጊዜ ሐዋ ወንበር አልመረጠች፤
«የፈለግከው ላይ» አለችኝ።
መቃ ሆና ተመለሰች።

እኔ? ቆሜ ነው ያረጀሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በእግሬ፣
በአንድ ክንድ ሰሃን ደርድሬ፣ በአንዱ ግድግዳ ገትሬ።
የበላሁት ወጥ ቤቱ በር ላይ ነው፣ በማንካ፣ ከድስቱ፤
ማን አጠገቤ እንዳለ አልጠየቅሁም፣ ጎረቤቴ ነበር እሳቱ።

አሁን ሐዲዱ ዝጓል፤ ፉርጎው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤
አዲሱ ባቡር ከከተማው ርቆ፣ ሳያየን ያልፋል።
አራተኛው ጠረጴዛ ሥር ፍየል ተኝታ አየኋት፤
«ሰው አለው» ልላት ፈልጌ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ተውኋት።

ዛሬ ጡረታዬን ተቀብዬ ከዚራ ምግብ ቤት ገባሁ፤
አስተናጋጁ ልጅ ነው፣ «ለስንት ሰው?» ሲለኝ ባባሁ።
ለስንት ሰው! ሠላሳ ሁለት ሰው ሳስቀምጥ የማልሳሳት፣
«ለአንድ» ማለት አቃተኝ፣ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ እንደ ዓሣ አጥንት።

ባዶ ጠረጴዛ ሞልቷል። ጥጉ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር
ሩዙን በሙዝ ይበላል፣ ቁልፉን አኑሮ በወንበር።
ሄድኩኝ። እግሬ፣ ባቡር ላይ እንዳለ፣ ተንገዳገደ፤
ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ቃል ከራሴ አፍ ወረደ፦

«ሰው አለው?»

አየኝ፤ ቁልፉንም አየ፤ ያኘከውን ቀስ ብሎ ዋጠ።
«የለውም፣ አባባ።»
ቁልፉ ተነሳ። ሎሚው ወደ እኔ ሮጠ።