አባ ሪታ

ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤
የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም የምንለው።
ከዚያ የሚቀጥለው፣
አራተኛው ሰውዬ፣ ቦታ የሌለው፣
ከወረቀቱ ጠርዝ ይወድቃል፤ ከመርከብ ጫፍ እንዳመለጠው ሰው
ማንም ሳያይ ነው ውሃ የሚያለብሰው።

እኔ ነኝ ጸሐፊው። ጅማ፣ ወሳኝ ኩነት፣
መስኮት ቁጥር አራት።
አንድ ፊደል ስስት፣ አንድ ጭረት ስረሳ
ወንድም ለወንድሙ ባዳ ሆኖ ከመስኮቴ ሲነሣ
አይቻለሁ ስንቴ።
ስም እንዴት እንደሚሞት ያስተማረኝ ስህተቴ።

የአባቴ ስም ኤፍሬም፤ የአባቱ ኒቆላ፤
ከኒቆላ ኋላ
«ካልዴራስ» ይላል ያረጀ የግብር ደረሰኝ፤
ሰፈሩም «ግሪኩ» እያለ ነው ያሳደገኝ።
ሽማግሌዎች ግን ሌላ ስም አላቸው
ለቅድመ አያቴ፤ «አባ ሪታ» ነው ትዝ የሚላቸው።

አባ ሪታ! የሪታ አባት።
እንግዲህ ባሕር ማዶ ልጅ ነበረችው ማለት፣
ለአያቴ ታላቅ እህት፣ ለአባቴ አክስት።
አባቴ ዕድሜውን ሲፈልጋት፣
አቴና ድረስ ሲጽፍላት፣
ለቀይ መስቀል፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለወደብ ሹም፣
መልሱ አንድ ነበር፦ «በዚህ ስም የተመዘገበች የለችም።»
ፈረንጅ አራዳ ያለው ቤት ለወራሽ ሲከፈል
ለእሷም ድርሻ ተወላት፤ በጓሮ በኩል አንድ ክፍል።
ቁልፉን በአንገቱ እንደ ማተብ አሥሮ ነበር የሚዞር፤
ስንገንዘው ነው የፈታሁት፣ በግንቦት፣ አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ ሲያድር።

አምና የቤታችን በርጩማ አንድ እግሩ ተሰበረ፤
ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ከእኔ በፊት የነበረ።
ለአናጢ ልሰጥ ስገለብጠው፣ ከሆዱ ሥር፣ በቢላ
የተቀረጸ ባለ ሸራ መርከብ፤ አጠገቡ የላቲን ፊደል፣ ጥላሸት የበላ፦
«ሪታ»። ከሥሩ «ቪያና»። ከሥሩ «ካልዴይራ»።
መጨረሻው ላይ «ስ» የለም።
እንሽላሊት ሲፈራ ጅራቱን ይጥላል፤ ይሄ ሰው ጅራት ቀጠለ ሲፈራ።

ፖርቱጋል ጻፍኩ፤ ቪያና፣ የወደብ መዝገብ ቤት።
እንደ እኔው ጸሐፊ፣ ግራሲንዳ የምትባል፣ በአራት ወሯ መለሰች፤ ያለ ትርፍ ቃላት፦
«ባልታዛር ካልዴይራ። ሃያ ሁለት ዓመት። ሸራ ሰፊ።
መርከብ፦ ሪታ። ጅቡቲ ወረደ፤ አልተመለሰም።» እንዲህ ነው የሚጽፍ ጸሐፊ።

ሪታ መርከብ ነች።
አክስታችን ጣውላ ነበረች፣ ገመድ ነበረች፣ ሬንጅ ነበረች።

ጅሬን ወጣሁ፣ አባ ቦራ ዘንድ፤ ዘጠና አልፏቸዋል፤
ነገሩን ሳወራ ይስቃሉ፣ ሳቁ ያስላቸዋል።
«ልጄ፣ እዚህ አገር ወንድ የሚጠራው በፈረሱ ነው።
ሙሴ ኒቆላ ‹የወንድሜ ልጅ› ብሎ ከጅቡቲ ያመጣው፣
ስሙን በግሪክ አፍ የሰፋለት እሱ ነው።
ጆንያ ይሰፋ ነበር ሰውዬው፣ የሲራራ ድንኳን።
አንድ ቀን ሂርማታ ገበያ ‹ፈረስህ ማነው?› አሉት፣ ለሳቅ፤
‹ፈረስ አልነበረኝም፤ ሪታ ነበረችኝ› አለ፣ ፊቱ ሳይስቅ።»
ከዚያ ዝም አሉ። ቆይተው፦ «ፍርሃት
የአባቱን ስም አስለወጠው፤ የእሷን ግን አልነካባት።»

እናም ቅድመ አያቴን አገኘሁ፣ አክስቴን አጣሁ በአንድ ቀን።
ልቅሶ ማን ይቀመጥላት? ማን ሊያጽናና፣ ማንን?
ዕድሩ በማን ስም ይከፍላል? ቅጹስ ምን ይላል፦
«ሟች፦ ሪታ። ጾታ፦ መርከብ»? ከመስኮቱ ማዶ ተሰላፊው ያጉረመርማል።

ክፍሉን ፈልገው ሁለት ተማሪዎች መጡ፤ ጥሩ ይከፍላሉ።
«ተይዟል» አልኳቸው። «በማን?» ይላሉ።
በርጩማው እዚያ ነው፤ በሁለት እግሩ ጋደል ብሎ፣
የጎን ንፋስ እንደ ያዘው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ውሎ።
አናጢው ቅዳሜ ና ብሎኝ ነበር፤ አልሄድኩም።
ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እስካሁን አላከራየሁም።