ሠላሳ ሰከንድ

ላይፕዚግ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የኅዳር ማታ፣
መስኮቱን ዝናቡ በጣቱ ሲመታ፣
መደርደሪያው ጥግ ላይ የተቀመጠችው
ያቺ ጥቁር ሣጥን ዐይኗን ምን ነካው?
አረንጓዴ ነበር ትናንትና መብራቷ፣
ዛሬ ደም ለብሷል ፊቷ።

ኮምፒውተሬ ጻፈ፦ «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም።»
እንዲህ ያለ ግንኙነት ሰምቼም አላውቅም።
ኧረ አውቃለሁ እንጂ! ከጎረቤት ጋራ
ግድግዳ ተጋርቶ አንድ ቃል ሳያወራ።

እኩለ ሌሊት ነው የሥራዬ ገደብ፤
የሳል መድኃኒት ነው፣ የመመሪያው ወረቀት፣
ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ የመለስሁት፤
«በቀን ሦስት ጊዜ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ»
ተተርጉሞ አልቆ በር ላይ ቆሟል ያለ መላ።

አጥፍቼ አበራሁ። አብርቼ አጠፋሁ።
ገመዱን ነቅዬ፣ እፍ ብዬ ሰካሁ።
ከሣጥኗ ሆድ ሥር፣ በስልኬ ብርሃን፣
ስምንት ይሁን ቢ የማይለይ የይለፍ ቃል
ሦስቴ ጻፍሁ፤ ሦስቴም ገባሁ፤
ገባሁ እንጂ የትም አልደረስሁ።

ደወልሁ። ሙዚቃ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ፣
«ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው» እያሉ፣ እያሉ።
በመጨረሻ አንዲት ጉንፋን የያዛት ልጅ
«ፍራው ይርዳው» ብላ በአባቴ ስም ጠራችኝ፤
የአባቴን ስም ፍቺ ብታውቀው ኖሮማ
«አሜን» ማለቴን ባልታዘበችኝ።

«ሶኬቱን ይንቀሉ። ሠላሳ ይቁጠሩ።
ከዚያ መልሰው ይሰኩ።»
በየትኛው ቋንቋ እንደምቆጥር አልነገረችኝም።

አንድ። ሁለት። ሦስት።
ሰባት ላይ ሣጥኗ ቀይም አረንጓዴም አልነበረችም፤
ዐይኗን የጨፈነች ዕቃ ናት፣ በቃ።
ዐሥራ አራት ላይ የቧንቧው ውኃ ሲወርድ፣
ሃያ ላይ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ የሽማግሌው ሳል።
ስድስት ዓመት እዚህ ስኖር
ሲስል ሰምቼው አላውቅም።
ወይስ ነቅዬ አላውቅም?
ሃያ ዘጠኝ ላይ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።
ሠላሳ። ሰካሁ።
ቀይ።

ውሉን ፍለጋ ገመዱን ተከትዬ ወረድሁ፣
በኮሪደሩ ጣሪያ፣ በደረጃው ጎን፣
ቀለም ሦስቴ የተቀባበት፣ ሚስማር የያዘው፣
እስከ ምድር ቤቱ፣ የከሰል ሽታ እስከቀረበት።
እዚያ ሄር ክሬችማር፣ ስሙን የማውቀው
ከፖስታ ሣጥኑ ላይ ብቻ፣
ባልዲ ይዞ ድንች ይመርጣል።

«ቀይ ነው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
«ቀይ ነው» አልሁት።
የመጀመሪያ ወሬያችን ይኸው ነው።

በሌላው መንግሥት ዘመን፣ ድንበሩ ሳይፈርስ፣
አርባ ሜትር ገመድ በትከሻው ተሸክሞ
የስልክ ምሰሶ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ኖሯል።
«መክፈት ክልክል ነው» የሚለውን ግራጫ ሣጥን
በሴንጢ ከፈተና «ክልክል ነው» አለኝ፣ አስጠንቅቆ።
ባትሪውን እኔ ያዝሁ።
ውስጡ እርጥብ፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል።
ላይ ቤት ቀዩ ክፉ፣ ታች ቤት አረንጓዴው!
የበላውን ቆርጦ፣ ልጡን ልጦ፣
ፀጉር የሚያካክሉትን ሁለት ክሮች
እንደ ጋቢ ዘርፍ በጣቶቹ አገመዳቸው።
ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ክሩ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«የእርስዎስ መስመር?» አልሁት።
«እኔ ኢንተርኔት የለኝም» አለ፣
«ለድንች ነው የመጣሁት።»
ባልዲውን ልያዝልዎ ብል እንቢ አለ፤
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን፣ ሳሉ ሲነሣበት፣ ሰጠኝ።

ለስድስት ሰዓት ስምንት ጉዳይ ወረቀቱ ሄደ።
ሣጥኗ አረንጓዴ ናት፤ ምንም እንዳልበደለች።
ከመተኛቴ በፊት የላክሁትን አነበብሁ፣
የመጨረሻዋን መስመር፦
«ሳሉ ከሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ያማክሩ።»

ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳሁ።
ቆጠርሁ፣ በአማርኛ።
ዐሥራ ዘጠኝ ላይ አንድ ድምፅ መጣ፤
ሳል ይሁን መልስ፣ አልለየሁትም።