ካርድ ክፍል

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚች ጠባብ መስኮት
እጄ ከወረቀት፣ ዓይኔ ከሰው ፊት።
ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ፣ ከዴዶ
በአይሱዙ ተጭኖ የሚደርሰው ማልዶ፣
«ስም? ያባት ስም? ያያት? ዕድሜ? ቀበሌ ስንት?»
እያልኩ ስከፍት ስዘጋ፣ ይመሻል እንደ ዘበት።
መደርደሪያው ዘጠኝ፣ ጣቴ ያውቀዋል፤
መብራት ቢጠፋ እንኳ ቁጥሩን ይዳስሳል።

በኋላ አንድ ሰሞን
ስሞቹ ተከትለውኝ ቤቴ መግባት ጀመሩ።
ሽንኩርት ስከትፍ፦ «ነጃት አባራያ!»
ፊቴን ስታጠብ፦ «ታረቀኝ ወልዴ፣ በዚህ!»
ትራሴ ላይ ወረፋ፣ በሕልሜም ወረፋ፤
አንዱን ሳላስተናግድ ሌላው እየገፋ
ሌሊቱን ቆሜ አድራለሁ፣ በጎኔ ተኝቼ፤
ጠዋት እነሣለሁ፣ ሳልነቃ ነቅቼ።

«ደመወዝ ያላት ሴት ምን ጎድሏት ትከፋ?»
አለችና እናቴ ዱዓ አስደረገች።
«አሚን» ብዬ ወጣሁ፤ ዱዓው ደግ ነበረ፣ ወረፋው ግን አልጠፋ።
ሸምሲያ ደግሞ «አንድ ዙርባ ያዢና ነይ፣ ይወጣልሻል» አለች።
ቃምኩ።
ስሞቹም አብረውኝ ቃሙ፣ አብረውኝ መረቀኑ።

የሰበረኝ ግን ሌላ ነው።
የሐምሌ ዝናብ ነበር። አንድ ሽማግሌ
በመዳፋቸው የራሰ ወረቀት ድቡልቡል ይዘው፦
«ካርዴን ዝናብ በላው፣ ልጄ።»
«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎ!»
ጩኸቴ ኮሪደሩን አልፎ መርፌ ክፍል ድረስ ተሰማ።
ሰልፉ ፀጥ አለ።
እሳቸው ቆባቸውን አወለቁ። «ዲፈማ» አሉኝ።
እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ።
ከመደርደሪያው ጀርባ ሄጄ ላልቅስ ብል
እንባዬም ወረፋ ይዞ፣ ተራው አልደረሰም መሰል።

ያን ቤት አውቀዋለሁ። ከልብስ ማጠቢያው ኋላ፣
ቀለሙ የተላጠ፣ ባንድ ዋንዛ ጥላ።
«በጓሮ፣ ወደ ግራ» እያልኩኝ በጣቴ
ስንቱን መርቻለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንዳይሰማ ጎረቤቴ።
እግሬ ግን አንድም ቀን አልረገጠው።

ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ
ባዶ ካርድ ሳብኩኝ፣ ማንም እኔን ሳያይ።
ስም፦ ከድጃ። ያባት፦ አባቦር። ዕድሜ፦ ሠላሳ ስምንት።
ለሌላው በደቂቃ የምሞላው ቅጽ ፈጀብኝ ግማሽ ሰዓት።
«የመጡበት ምክንያት» ላይ ብዕሬ ቆመ።
ባዶውን ተውኩት።

ሌንሳ ትባላለች። ከኔ ታንሳለች በዕድሜ።
በርጩማ ሰጠችኝ፣ ሦስት እግር፤ ብዙ ቆየሁ ቆሜ።
አፌን ስከፍት «ስም? ያባት ስም?» አልኳት።
ሳቀች። ነገረችኝም፣ እስካያቷ ድረስ።
ያን ጊዜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ያዘው፤
መደማመጥ አቃተን፤
ሁለታችንም ዝም ብለን እስኪያባራ ጠበቅን።
ባሥራ አንድ ዓመት ውስጥ
ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ያልቸኮለበት የመጀመሪያው ዝናብ።

ሲያባራ፦ «ማታ ማታ ስም የሚጠራው ማነው?»
«እኔ።»
«ያንቺንስ ስም?»
አሰብኩ። ሆስፒታሉ «ካርዷ» ይለኛል፤ ልጆቼ «እማ»፤
ባንኩ በቁጥሬ። ስንት ጊዜዬ ነው፣ «ከድጃ» ሲሉኝ ሳልሰማ?
እዚያ ላይ ነው የእንባዬ ተራ የደረሰው።

አልዳንኩም። ገና አራተኛ ሐሙሴ ነው።
ትናንት ሌሊትም ሦስት ሰዎች መጥተው ነበር።
«ነገ በሁለት ሰዓት እንከፍታለን» አልኳቸው፣
ሌንሳ እንዳስተማረችኝ።
ሁለቱ ሄዱ፤
አንዷ ግን እግሬ ሥር ተቀምጣ አደረች።
ምሳዬን አሁን በምሳ ሰዓት እበላለሁ፤
መስኮቱ ሲዘጋ የሚያጉረመርም አለ። ያጉረምርም።

ሽማግሌው ተመለሱ። አዲስ ካርድ ጻፍኩላቸው፤
በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጫፉን ቋጥሬ ሰጠኋቸው።
«ዲፈማ» ስላቸው ያልሰሙ መሰሉ፤
የዴዶን መንገድ ጭቃ እየረገሙ ሄዱ።

የኔም ካርድ እዚያው ነው፣ ስድስተኛው መደርደሪያ፣
ካንዲት አራስና ካንድ የባጃጅ ሾፌር መካከል ተሰክቶ።
ሌላ ካርድ ስፈልግ ጣቴ ያገኘዋል፤
ቆም ይላል።
ያልፋል።