የንፋስ ሂሳብ

ከውሃ ቢሮው ጓዳ፣ ሄርማታ ሰፈር፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሲያድር፣
ሁለት ገጽ ከፍቻለሁ በአንድ መስታወት፤
በግራ አሮጌ ኮድ፣ በቀኝ ባዶ ቤት።
የግራውን ነዚፍ አባ መጫ ጻፈው፤
ጡረታው ወር ሲቀር ሞት ቀድሞ አሳረፈው።
የቀኙ የኔ ነው። ትእዛዙም አጭር ነው፦
«ፓስካሉን ወደ ፓይተን እንዳለ አዙሪው።»

እንዳለ!
አፍ ላይ ሲሉት ቀሎ፣
እጅ ላይ ይከብዳል፣ እንደ ራሰ ጆንያ በቆሎ።

የነዚፍ ቋንቋ ወግ አለው፤
«ጀምር» ሳይል ነገር አይከፍትም፣
«ጨርስ» ሳይል ከወንበሩ አይነሳም፤
በየመስመሩ ጫፍ ድርብ ሰረዝ ተክሎ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚያልፍ፣ ቀስ ብሎ።
የኔው ግን ዝምታን ነው አጥር ያደረገው፤
አራት ባዶ ቦታ ገባ ማለት ቤት ነው።
እሱ ከአንድ ይቆጥራል፣ እንደ ሰው በጣቱ፤
የኔው ከዜሮ ነው፣ ከምንም ነው ጥንቱ።
ወራቱን ሳሻግር ጳጉሜ ጠፍታ ዋለች፤
ማታ ስፈልጋት
ከዝርዝሩ ውጪ፣ ደጅ ላይ ቆማለች።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ይጠረባል፤
ሚስማር አይነካውም፣ እግር አይቀጠልለትም።
ነዚፍም እንዲያ ነው የጻፈው፤
አንዱን እግር ብቻ ልፈታ ስጎትት
ሦስቱም ተያይዘው ከነመቀመጫው መጡ።
ስንት ሌሊት ተቀመጥኩበት እንጂ
ፈታሁት አልልም።

መስመር ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ቆምኩ።
«ቀጠናው ሰባት ከሆነ፣ ከስምንት አንዱን ቀንስ።»
ይኸው ነው። ለምን? አይልም። ማን አዘዘ? አይልም።
ወይዘሮ ትርንጎ ከሂሳብ ክፍል
መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ፣
«ዘመድ ቢኖረው ነው እዚያ፤ ሰርዢው በቃ» አለች።
ጣቴን ማጥፊያው ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ፤
ለሙት ማን ይሟገታል?
በማግሥቱ በባጃጅ ጅሬን ዳገት ወጣሁ።

ውሃ የሚመጣበት ቀን ነበር፣ ከጠፋ በአምስተኛው።
ወይዘሮ መኪያ ቧንቧዋን ከፈተች፤
ቧንቧው አለከለከ፣ አቃሰተ፣ እፍ አለ፤
ባልዲው ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ
ቆጣሪው እንደ እብድ ዞረ፣ ቁጥር እያነሳ እየጣለ።
«ንፋሱ ነው» አለች፤ «ውሃ ሲጠፋ ቱቦው ውስጥ ይገባል፤
ሲመለስ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፣ ቆጣሪ ምን ያውቃል?
ያ ቀጭኑ ሰውዬ፣ አላህ ይዘንለትና፣
ሦስት ጁምዓ እዚህ በር ላይ ቆሞ
በባልዲ ለካልን፣ ሸሚዙ ዝናብ ጠጥቶ።
ከስምንቱ አንዱ ንፋስ ነው አለና ሄደ።
ከዚያ ወዲህ ሂሳቡ ረገበ፤
እንዴት እንደሆነ የነገረን የለም።»

ተመልሼ ጻፍኩት፣ አራት ባዶ ቦታ ገባ አድርጌ።
ከላዩ በአማርኛ፣ ከሥሩ በኦሮምኛ፦
«ይህ ንፋስ ነው። ነዚፍ ለክቶታል።»

አንድ ነገር ቀረ።
ከኮዱ መግቢያ ላይ «ዘሀራ» የሚል ስም አለ፤
ዜሮ ተሰጥቶት
እስከ መጨረሻው መስመር አንዴም ያልተጠራ።
አዲሱ መሣሪያ ሥሩ ቢጫ አስምሮ ይነዘንዘኛል፦
ይህ ስም አላገለገለም፤ ይወገድ?
መኪያን አልጠየቅኳትም። ትርንጎም አላየችው።
ቢጫው ይቆይ።
እንዳለ አይደል የተባልኩት?