ዘጠኝ እንጆሪ

ሰው በልቡ ይወዳል፣ በአንጀቱ ይራራል፣
በሆዱ ይቀየማል፣ በኩላሊቱ ይመረመራል፤
ለጣፊያ ግን አንድ ቃል ማን ተርፎት ያውቃል?
ከበሬ ሆድ ወጥቶ ለድመት ይጣላል።

እኔም እንዲያ ነበር የማውቀው፣ ስማር፤
“ቢወጣም ይኖራል” አለን መምህር፣
ገጹን ገልጦ አለፈ፣ ጥያቄም ሳይኖር።

ማክቫላ ከቺያቱራ መጣች፣ ከማዕድኑ ከተማ፣
ገደል ከገደል ጋር በሽቦ ከሚስማማ።
ስሟ በአገሯ ቋንቋ እንጆሪ ማለት ነው፤
መዝገቡ ላይ ግን ከስሟ ጎን የተጻፈው
“ካንሰር፤ የተሰራጨ” የሚል ነው።

ሆዷ ውስጥ ዘጠኝ ናቸው፣ ክብ ክብ፣ ጥቋቁር፤
አንዱ ከጉበት ሥር፣ ሁለቱ ከኩላሊት ዳር፣
የቀሩት አንጀቷ ላይ፣ እንደ ዶቃ ድርድር።

ሐኪሙ በቁጥር ሰጣት፦ ስድስት ወር፣ ቢበዛ።
ወረደች በአውቶቡስ ወረቀቱን ይዛ፤
ቀለበቷን ለምራቷ፣ ምንጣፉን ለልጇ፣
ላሚቱንም ለጎረቤት፣ ለዛውር፣ በእጇ፤
ገመዱን ስትሰጠው እንዲህ አለችው፦
“ግራ ጡቷ ያማታል፣ ቀስ ብለህ እለበው።”

ኩታይሲ ስትመለስ፣ አንዲት ተለማማጅ ሐኪም፣
ገና እንቅልፍ ያልጠገበች፣ ማንንም የማትፈራ ማንም፣
ልብሷን ገለጥ አድርጋ “ይሄስ የምን ነው?” አለቻት።
ጠባሳ። ከደረት እስከ እምብርት የተሰፋ፣
እንደ አሮጌ ጆንያ፤ ስንት ዓመት ጠያቂ የጠፋ።

“ሃያ ሁለት ዓመቴ፤ የሽቦዋ ሠረገላ
ጠባቂ ነበርኩ። በረዶ ነው። ገመዱ ላላ፣
ግድግዳ መታን። ጣፊያሽ ፈርሷል አሉኝ፣
ዶክተር ኦታር በሳህን አውጥተው አሳዩኝ።”

የእኔ ሥራ ይሄ ነው፦ ደሟን በመርፌ ቀዳሁ፣
ትንሽ ጨረር አስይዤ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሞቅሁ፤
ደም እንዲህ ሲሞቅ ያረጃል፣ ያጎነብሳል፣ ይደክማል፣
ያረጀ ደም ደግሞ ቀባሪውን ያውቃል።
ወደ ክንዷ መለስኩት፣
ከመስታወቱ ማዶ ቆሜ ጠበቅሁት።

መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ አንድ። ቀጥሎ ሦስት።
ከዚያ ዘጠኙም በሩ፣ እንደ ገደል መንደር በሌሊት።

ካንሰር አልነበሩም። የዚያን ቀን ሲሰበር
የተበተነ ፍርፋሪ፣ ባገኘው ላይ ሥር
የሰደደ፣ ከአንጀት ደም ለምኖ፣ ተበድሮ፣
ማንም ሳያዘው ሥራውን ጀምሮ፣
የደከመውን ደም እያነሳ እየቀበረ፣
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በዝምታ የኖረ።

ሆዷ ቢከፈት ቀለማቸው የበሰለ እንጆሪ ነው፤
ይህን አልነገርኳትም፤ ስሟ ነው ብዬ ተውኩት እንዲያው።
የቀረውን ስነግራት፣ እንደ ማፈር ብላ
“ለካ አልወጣም” አለች፣ ሆዷን በእጇ ከልላ።

የጎደለ ሁሉ እንዲህ ይመለሳል አልልም፤
የወንድሜ ጣቶች፣ መጋዝ የበላቸው፣ አልበቀሉም።

ምራቷ ቀለበቱን አውልቃ ሰጠቻት፣
ልጇም ምንጣፉን ተሸክሞ አመጣላት።
ዛውር ግን “የሰጠሽኝን?” ብሎ
አልመለሰም፤ ጡቷንም፣ አሉ፣ አቁስሎ።
በየጠዋቱ ማክቫላ አጥሩ ጋ ትመጣለች፤
“ቀስ በል” ትለዋለች።