ሲሶ

ቲቸር ሀይረዲን ጣሳ ይዞ ገባ፤
የደቻቱ አሸዋ እስከ አፉ ሞልቶበት፣
በማስመሪያ ጠርዝ ላዩን ላጭቶበት።
«ሞልቷል?» አለን።
«ሞልቷል!» አልን፣
ስልሳ ስምንት ልጆች፣ የከሰዓት ፈረቃ፣
ቆርቆሮው በሐሩር ቋ ቋ ሲል፣
ላባችን ደብተር ላይ ሲንጠባጠብ።

ውሃ በብርጭቆ ቀስ አድርጎ ቀዳ።
ጣሳው ጠጣ። ጠጣ። ደግሞ ሌላ ጠጣ።
ብርጭቆው ነጠፈ፤ ካፉ ጠብታ እንኳ አልወጣ።
«የሞላ ዕቃ ይኼን ሁሉ ውሃ የት አገባው?»
መልስ ጠፋ።
በጠመኔ ጻፈ፦ ሲሶው ባዶ ነበር።
ፍሬ ከፍሬ ጋር ቢደጋገፍ፣ ቢተቃቀፍ፣
ክብ ከክብ አይገጥምም፤
መሃሉ ላይ ይተርፋል የማንም ያልሆነ ሰፈር።

እኔ ያሰብኩት አባቴን ነው።
አብዶሽ፣ አሸዋ ጫኙ፣
የወንዙን ሆድ በአካፋ ዝቆ በቢያጆ የሚሸጥ፣
ማታ ወገቡን ይዞ በሽርጡ የሚቀመጥ።
በደብተሬ ጀርባ አባዛሁ፣ አካፈልኩ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ከሦስት ብር አንዷ የተከፈለችው ለባዶ ነበር።
ጀርባው ግን የሚያውቀው ሁለቱን እጅ ነው፤
ባዶ አይከብድም፣
ባዶ ወገብ አይሰብርም።

ሮጬ ሄድኩ፣ በከዚራ ጥላ፣ በድልድዩ ሥር፤
«አባ! የምትሸጠው ሲሶው ባዶ ነው!»
ሳቀ። ጫቱን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛወረና
«ቀስ በል ወሪያ፣ ሹፌሩ ይሰማሃል» አለና
በደረቁ ክምር ላይ ውሃ አርከፈከፈ፣
በአካፋ አገላበጠ፣ በሳጥን ሰፈረ፤
አንድ የነበረው አንድ ከሩብ ሆኖ ተቆጠረ።
«አየህ? አሸዋም እንደ ሰው ነው፤
ሲቀምስ ያብጣል፣ ሲጠግብ ይተኛል።
አብዝቼ ብደፋበት ኪሳራ ነው።
የምሸጠው ጥማቱን ነው።»

በማግስቱ ለቲቸር ነገርኩት። ጠመኔውን አስቀመጠ።
«አባትህን ጥራልኝ» አለ።
አባቴ አልመጣም፤ ሥራ ነበረው።

ያን ቀን ስለ አተም አወራን፦
ድሬን ቢያክል፣ ከመልካ ጀብዱ ወዲህ ያለችውን ሁሉ፣
አስኳሉ ከፊራ ገበያ ላይ የወደቀች አንዲት ብርቱካን ናት፤
የቀረው ሜዳ ነው።
ሆዳን እጇን አወጣች፣
«ታዲያ አግዳሚው ለምን አያሰምጠኝም?»
«ባዶ ማለት» አለ፣ «ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።
ይገፋል።»

ነሐሴ ላይ፣ በሌሊት፣ ደቻቱ ከደንገጎ ወረደ።
ሲነጋ የአባቴ ጉድጓዶች የሉም፤
ሳቢያን ላይ የቆመውን ፎቅ ሁሉ የሚያህል ጉድጓድ
ባንድ ሌሊት ሞልቶ፣ በማስመሪያ ተላጭቶ፣
የሙሜ አካፋ እጀታው ብቻ ከአሸዋው ወጥቶ።
ሙሜን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

አባቴ ቆሞ በዓይኑ ሰፈረ።
አሸዋ ውስጥ የገባ የራሱን ያህል ይገፋል፤
ግን ወንዝ በሚያህል ስፍራ
አንድ ሰው ስንት ጣት ከፍ ያደርጋል?
ከዚያ ጥግ እስከ ዛሬ አልዛቀም።
ሲጠይቁት
«እዚያ ባዶ የለም» ይላል።

አሁን እኔ ሳይት ላይ ቆሜ ቢያጆ እቆጥራለሁ።
ሲኖው ሲመጣ እጄን እስከ ክርን እሰዳለሁ።
እርጥብ ነው። ሩቡ ጥማት ነው። አውቀዋለሁ።
ጫኞቹ ከላይ ተቀምጠዋል፣ ሽርጣቸው በላብ ተጣብቆ፤
አንዱ ወገቡን ይዟል።
ሹፌሩ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤
«ሞልቷል?»
ደረሰኙን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ
«ሞልቷል» ብዬ እፈርማለሁ።