ነፋስ ቀድመህ ግዛ

ሪያሌ፣ ታይዋን ተራ፣ ዝርዝሬን አየና፣
ካርዱ ላይ ሲደርስ ሳቁ አመለጠና፣
«አቦ፣ ይሄ ድሬ ነው! ነፋስ ግዛ ቀድመህ፤
ላብ እንጂ ጌም አታይም ይህን ብቻ ገጥመህ።»

የሁለት ዓመት ልፋት፣ የባጃጅ ሳንቲሜ
ካርድ ሆነ፤ ራሙ ዱቤ፤ ማቀዝቀዣው ሕልሜ።
ለኬዝ የሚተርፍ የለም። የማንጎ ሣጥን ላይ
አሰርኩት በሽቦ፣ አንጀቱ እንደሚታይ።

አባባ ዝም ብሎ አየ።
የቤቱን ቬንትሌተር፣ ያንኑ አንዱን፣
ወደ ሣጥኑ አዞረና
ጠፍር አልጋውን ጎትቶ ግቢ ወጣ።
«እንግዳ ነው፤ ይቀዝቅዝ።»

እኩለ ሌሊት ላይ ቀጥታ ገባሁ።
ተመልካች፦ አንድ።

ማን ይሆን ብዬ በመስኮት አጮለቅሁ፤
ትንኝ በአንድ እጁ እያባረረ፣
የአባባ ላብ በስልኩ ብርሃን
ሰማያዊ ሆኗል።